የገዙትን ፊልም ስለ መገልበጥ

አንባቢ ሆይ፥ ሰው በገንዘቡ የገዛውን ፊልም ለራሱ ቢገለብጥ ሌባ ይባላልን? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በየቤቱ የሚደረግ ነው። በየቤቱ የሚደረግ ነገር ደግሞ ሳይመረመር ልማድ ይሆናል፤ ልማድ ከሆነ በኋላም የሚመረምረው አይገኝም። ስለዚህ ዲቪዲ የሚባለውን የፊልም ዲስክ ምሳሌ አድርገን ጥቂት እንመርምር። ዓመታቱንም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ዲቪዲ በ1996 ዓ.ም. በጃፓን አገር፥ በሚከተለውም ዓመት በአሜሪካ ለገበያ ወጣ። በውስጡ ያለው ፊልሙ ብቻ እንዳይመስልህ። ዲስኩ በተከፈተ ጊዜ ሜኑ የተባለው ማውጫ ይታያል፤ ተመልካቹም ከዚያ ላይ የወደደውን ምዕራፍ፥ የንግግሩን ቋንቋ፥ ከሥር የሚጻፈውንም ትርጉም ይመርጣል። በአንድ ፊልም እስከ 8 የሚደርስ የድምፅ፥ እስከ 32 የሚደርስ የጽሑፍ ትርጉም ሊገባ ይችላል። ሥዕሉና ድምፁ በትልልቅ ፋይሎች ተቀምጠዋል፤ ምዕራፉ ከየት እንደሚጀምር፥ የማውጫውም ምርጫ ወዴት እንደሚመራ የሚያመለክቱት ግን ሌሎች ትንንሽ ፋይሎች ናቸው። የእነዚህ ትንንሽ ፋይሎች ግልባጭ በዚያው ዲስክ ላይ ሁለተኛ ተጽፎ ይገኛል፤ ይኸውም አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካ ነው። ይህን ያደረጉ ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። መገልበጥን በሚከለክል ዲስክ ውስጥ ጥፋትን ፈርተው ያኖሩት ግልባጭ መገኘቱ ፈገግ ያሰኛል።

ፊልሙን የሚገለብጥ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ዋናውን ፊልም ብቻ አውጥቶ በአንድ ፋይል ማስቀመጥ ነው፤ በዚህ ጊዜ ማውጫው ይጠፋል፥ ብዙ ጊዜም ምዕራፎቹ አብረው ይጠፋሉ። ሁለተኛው ዲስኩን እንዳለ፥ አንዳች ሳያጎድሉ መገልበጥ ነው። ይህ ድካም አለው። ብዙ የፊልም ዲስኮች ሁለት ንጣፍ ስላላቸው እስከ 8.5 ጊጋባይት ይይዛሉ፤ አንድ ንጣፍ ያለው ባዶ ዲስክ ግን የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን መጭመቅ ያስፈልጋል። ሥዕሉም ሲጨመቅ እያንዳንዱ ምዕራፍ ከነበረበት ስፍራ ይናወጣልና፥ ስፍራውን የሚያመለክቱት ትንንሽ ፋይሎች ሁሉ እንደ ገና መታረም አለባቸው። ያለዚያ አምስተኛውን ምዕራፍ የመረጠ ሰው ሰባተኛው መካከል ላይ ይወድቃል።

ይህን የሚያደርግ ሰው በአገራችን ያሉትን ቁም ጸሐፊዎች ያሳስበናል። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ሲገለብጥ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ርእስ ንባቡ ይበቃል ብሎ አይተወውም፤ ቢተወው መጽሐፉ ጎዶሎ ነው ይባላልና። ማውጫውን የሣለ ሰው አለ፤ ፊልሙንም በምዕራፍ የከፈለ ሰው አለ፤ የደከሙበትን ሳይቆርጡ መጠበቅ ለድካማቸው የሚሰጥ ክብር ነው። ነገር ግን ያው ሙሉነት ለአታላይም ይመቸዋል። ማውጫው ጎድሎ የተገለበጠውን ገዢው ወዲያው ያውቀዋል፤ ማውጫውና ምዕራፉ ሁሉ የተጠበቀለትን ግን ከእውነተኛው ለመለየት ይቸግረዋል። እንግዲህ የአገላለበጡ ማማር ሰውየውን አያጸድቀውም፥ አይኰንነውምም። ግልባጩ ወደ ማን እጅ እንደሚሄድ መጠየቅ ይገባል።

ሕጉስ ምን ይላል? ዲስኩ እንዳይገለበጥ በምስጢር ቍጥር ተቈልፎ ይሸጣል። በ1999 ዓ.ም. ይህን ቁልፍ የሚፈታ ፕሮግራም ወጣ፤ ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለ ኖርዌያዊ ወጣትም በዚህ ነገር ተከሰሰ። የኦስሎ ፍርድ ቤት በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ይግባኝ ሰሚውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ነጻ አወጡት፤ በሕግ የተሠራ ፊልም የገዛ ሰው የገዛውን ለማየት መብት አለው ተብሏልና። በአሜሪካ ግን በ1998 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ቁልፉን መስበር ራሱን ይከለክላል። በ2004 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተቀመጠ ፍርድ ቤት የመገልበጫ ፕሮግራም ይሸጥ የነበረውን 321 ስቱዲዮስ የተባለ ኩባንያ ከለከለው፤ ገዢዎቹ ለራሳቸው መጠባበቂያ ይገለብጣሉ የሚለው መልስ አላዳነውም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ለግል መገልበጥ በ2014 ዓ.ም. ተፈቅዶ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሻረው።

ይህን የሰማ ሰው፥ ሕጎች እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ የወደድሁትን ላድርግ ይል ይሆናል። ይህ ችኰላ ነው። የአሜሪካው ሕግ የሚጠይቀው ፊልሙ የማን ነው ብሎ አይደለም፤ ቁልፍ መሥራት ለማን ይፈቀዳል ብሎ ነው እንጂ። ለቅን ሰው የተሠራ ቁልፍ ሌባውንም ያስገባዋል ብሎ ይፈራል፥ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። በዚያ አገር የሚኖር ሰው ሕጉ ቢጠብበትም እንዲለወጥ ይለምን እንጂ በስውር አይተላለፈው። ሆኖም ሕግ መተላለፍና መስረቅ ሁለት ነገር ናቸው። በዋጋ የገዛውን ዲስክ፥ ልጆች እንዳይቧጭሩበት ፈርቶ፥ አንድ ግልባጭ በሣጥኑ ያኖረውን አባት ሌባ ብሎ መጥራት እኛ ፍርድ ማጣመም ይመስለናል። ከማን ምን ወሰደ?

ከጎረቤቱ ተውሶ ስለሚገለብጥ ሰው ግን እንዲህ ልንል አንችልም። ጎረቤቱ ዲስኩን መልሶ ስለ ተቀበለ ማንም የጎደለበት አይመስልም፤ ነገር ግን የሠሪው ድካም ያለ ዋጋ ተወሰደ። ባላገኘው ኖሮ አልገዛውም ነበር የሚሉ አሉ። ባይገለብጠው ኖሮ አያየውም ነበር፤ አሁን ግን ያየዋል፥ ለእንግዳም ያሳየዋል። ሌሎችም ሠሪዎቹ ባለጸጎች ናቸው ይላሉ። በአዲስ አበባ የአማርኛ ፊልሞች በቪሲዲ ይሸጡ በነበረበት ዘመን ግልባጫቸው በመንገድ ዳር ይሸጥ ነበር፤ እነዚያን ፊልሞች የሠሩት ሁሉ ባለጸጎች ነበሩን? የገልባጭ እጅ ባለጸጋና ድኻ አይለይም።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ዲስኩን በኋላ የሚሸጥ ወይም የሚሰጥ ሰው ነው። ሲገለብጥ ቅን ነበረ፤ በአንድ ዋጋ አንድ ፊልም ገዝቷልና። ዲስኩን ሸጦ ግልባጩን ቢያስቀር ግን በአንድ ዋጋ ሁለት ቤት ያየዋል፤ በእጁ የቀረውም ግልባጭ የራሱ መሆኑ ያበቃል። ስለዚህ ዲስኩ ከቤቱ በሚወጣበት ቀን ግልባጩን ከዲስኩ ጋር ይስጥ ወይም ያጥፋው። ዲስኩ ተሰብሮ ወይም በእሳት ጠፍቶ እንደ ሆነ ግን ግልባጩን ከነማውጫው አውጥቶ ከቤተ ሰቡ ጋር ይመልከት፤ የገለበጠው ለዚህ ቀን ነበርና።