ቤቱን ለለቀቀ ሰው ስለ መጣ ደብዳቤ

ቤት የሚከራይ ሰው ግድግዳውንና ጣራውን ብቻ የተከራየ ይመስለዋል። ነገር ግን ከእርሱ አስቀድሞ በዚያ ቤት የኖረው ሰው ስሙን ወዲያው ይዞ አይሄድም፤ እግሩ ከወጣ በኋላ ስሙ ጥቂት ዘመን በዚያ ይቆያል። ስለዚህም አንድ ቀን በሩ ይንኳኳና፥ «ይህ የእገሌ ቤት ነውን?» የሚል መልእክተኛ የታሸገ ወረቀት ያቀብላል። የሚቀበለው ሰው አልታዘዘም፥ ቃል አልገባም፥ ዋጋም አልተከፈለውም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰው ሳይስማማ የአደራ ጠባቂ ሊሆን ይችላልን? ብዙዎች አይችልም ይላሉ። እኔ ግን ይችላል እላለሁ፤ ምክንያቱንም አንባቢ በትዕግሥት እንዲመለከተው እለምናለሁ።

ነገሩን በሩቅ አገር አንፈልገው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ዱከምን ተመልከት። ቀድሞ የጅቡቲ ባቡር የሚያልፍባት፥ መንገደኛም ሥጋ ለመብላት የሚያርፍባት ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ሥጋውስ ዛሬም አልቀረም። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን በዚያ ከተቋቋመና በ2004 ዓ.ም. ትልቅ የጫማ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ከየአገሩ ለሥራ የሚመጡ ወጣቶች በዙባት። እነዚህም በአንድ ግቢ ውስጥ በተደረደሩ ጠባብ ክፍሎች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ይከራያሉ፤ ኪራይ ሲጨመር ወይም ሥራ ሲለወጥ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ግቢ፥ ወይም ወደ ቢሾፍቱ፥ ወይም ወደ ገላን ይሄዳሉ። የሄዱበትን ለአከራዩ የሚነግር ጥቂት ነው፤ የሚጠይቅ አከራይም ከዚያ አይበልጥም።

አንድ ሰው፥ «በአገራችን ፖስተኛ በየበሩ አይዞርም፤ ፖስታ በአብዛኛው የሚደርሰው ወደ ፖስታ ሣጥን ነው፤ ስለዚህ ይህ ጥያቄ አይነካንም» ይል ይሆናል። ይነካናል እንጂ። የሣጥኑ ኪራይ ሳይታደስ ሲቀር ሣጥኑ ለሌላ ሰው ይሰጣል፥ ቁጥሩ ግን በቀድሞው ሰው ወዳጆች ዘንድ እንደ ተጻፈ ይቀራል። የራሱ ሣጥን የሌለውም ሰው በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ሣጥን በኩል ያስልካል፤ እርሱ ከተዛወረ በኋላ ደብዳቤው በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ አቧራ ይለብሳል። ከገጠር የሚላከው ወረቀት በአውቶቡስ ረዳት ወይም በአገር ልጅ እጅ ይመጣል። የፍርድ ቤት መጥሪያም እስከ በሩ ድረስ ይመጣል።

የአገራችን ሰው ደብዳቤን ማክበር የተማረው ከፖስታ ቤት አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታን ሥራ በ1886 ዓ.ም. ሳያቋቁሙ፥ ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. ወደ ዓለም የፖስታ ኅብረት ሳትገባ፥ መልእክተኛ ወረቀቱን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ ከፍ አድርጎ እየያዘ በእግሩ ይጓዝ ነበር። ወረቀቱ በመንገድ ላለው ሁሉ ይታይ ነበር፥ ቃሉ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነበረ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ፥ ሕግ ከፈቀደው በቀር የኢትዮጵያውያንን የመጻጻፍ ምሥጢር ማንም እንዳይደፍር ከለከለ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም፥ በአጋጣሚ በዚያው በ26ኛው አንቀጽ፥ በፖስታ የሚላከውን ደብዳቤና በስልክ የሚደረገውን ንግግር ጠብቋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በ606ኛው አንቀጽ የታሸገውን የሌላ ሰው ደብዳቤ አውቆ የሚደፍረውን ይቀጣል።

ሕጉን መጥቀሴ ነገሩ ቀላል እንዳይመስል ነው እንጂ፥ የምናገረው ከፍርድ ቤት ደጅ ወዲህ ስላለው ነው። የማያውቀውን ሰው ደብዳቤ ቀድዶ የሚያነብ ጥቂት ነው። ሳይከፍተው በመስኮት ላይ አኑሮ የሚረሳው ግን እጅግ ብዙ ነው፤ እርሱም፥ «እኔ ምን አደረግሁ? አልነካሁትም» እያለ ራሱን ንጹሕ አድርጎ ይቈጥራል። ወንድሜ ሆይ፥ አለመንካትህ አያድንህም። ወረቀቱ በመንገድ ጠፍቶ ቢሆን ላኪው መልእክተኛውን ጠይቆ መጥፋቱን ባወቀ፥ ሁለተኛም በጻፈ ነበር። በእጅህ ከገባ በኋላ ግን መልእክተኛው ተመልሶ «አድርሻለሁ» ይለዋል።

አንዲት እናት ከወሎ በጎረቤት ልጅ እጅ አስጽፋ፥ አባቱ መታመሙን ለልጇ ላከችበት እንበል። አንድ ወር ቆየች፥ መልስ የለም። እርስዋ ወረቀቱ በማታውቀው ሰው መስኮት ላይ መተኛቱን ከቶ አታስብም፤ ልጄ ከተማ ገብቶ ጨከነ ትላለች። ልጁም በሌላ ግቢ ሆኖ፥ ከቤት የሚጠይቀኝ ጠፋ ይላል። በሁለቱ መካከል የገባው ቂም ከየት እንደ መጣ አንዳቸውም አያውቁም። የሚያውቅ ቢኖር አንተ ነህ፤ አንተም ረስተኸዋል።

በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ የጠፋ በሬ ስላገኘ ሰው የተጻፈው ሕግ ለዚህ ነገር እጅግ የቀረበ ነው። ያገኘው ሰው እንዳላየ ሆኖ ማለፍን ይከለክለዋል፤ የበሬው ባለቤት ሩቅ ቢሆን ወይም ባይታወቅ ወደ ቤቱ ወስዶ ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ እንዲያኖረው ያዝዘዋል፤ ስለ ልብስና ስለ ጠፋ ዕቃ ሁሉም እንዲሁ ነው። አስተውል፤ ያገኘው ሰው ተስማምቶ እንደ ሆነ አልተጠየቀም። በሬው በፊቱ መቆሙ ብቻ ባለ አደራ አደረገው። እኛም በአማርኛችን አደራ በላ ብለን የምንሰድበው፥ የተሰጠውን የበላውን ብቻ ሳይሆን፥ ሳይበላው በቸልታ ያጠፋውንም ነው።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ምናልባት አስቸኳይ ነገር ይሆን፥ ከፍቼ ባየው እረዳው ነበር የሚል ደግ ሰው አለ። ይህ ሰው ከወሬ ፈላጊው ጋር አይቈጠርም፤ መልስ ይገባዋል። በሁለተኛው የሳሙኤል መጽሐፍ ንጉሥ ዳዊት ኦርዮን ለማስገደል ለኢዮአብ የጻፈውን ደብዳቤ በራሱ በኦርዮ እጅ እንደ ላከው ተጽፏል። ኦርዮ ከፍቶት ቢሆን ነፍሱ በዳነች ነበር። ከዚህ የተነሣ መክፈት አንዳንድ ጊዜ ሕይወት ያድናል ቢሉኝ አልክድም። ነገር ግን ከመክፈቱ በፊት የትኛው እንደዚያ ያለ ደብዳቤ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? አንዱን ለማግኘት ሁሉን መክፈት ሊኖርበት ነው፤ ሁሉን የሚከፍት ሰው ደግሞ ለማዳን ይከፍታል የሚለውን ማን ያምነዋል?

ደግሞም ከፍቶ ሞት ቢያገኝስ? በአገራችን መርዶ እንዲያው አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፥ ብዙ ጊዜም ገና ሲነጋ፥ የሚደግፈው ሰው በአጠገቡ ቆሞ ነው የሚነገረው። ደብዳቤውን የከፈተው እንግዳ ግን ይህን ሁሉ የማድረግ ሥልጣን ሳይኖረው ምሥጢሩን በልቡ ተሸክሟል፤ በስልክ ቢነግረው ጨካኝ ነው፥ ዝም ቢለው አታላይ ነው። በፖስታው ፊት ላይ ያለው ለሥራው ይበቃዋል፤ የላኪው ስም አለ፥ የሆስፒታል ወይም የፍርድ ቤት ማኅተም አለ፥ ያመጣውንም ሰው «የችኮላ ነገር ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ችኮላ ከሆነ ፈጥኖ መፈለግ ነው እንጂ ማንበብ አይደለም።

አከራዮችን በተመለከተ በግልጥ መናገር አለብኝ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ነገር ነውና። ተከራዩ የሁለት ወር ኪራይ ወይም የመብራት ሂሳብ ሳይከፍል በሌሊት ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ የትምህርት ማስረጃው ወይም ደብዳቤው ሲመጣ አከራዩ ቁልፍ ውስጥ ያኖርና፥ «ገንዘቤን ያምጣና ይውሰድ» ይላል። ቍጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ ኪራይ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነውና መበደሉን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ያ ወረቀት ለዕዳ መያዣ እንዲሆን ማን ሰጠው? ተከራዩ አልሰጠውም። ደግሞም ደብዳቤ እስኪደርስ ድረስ የተቀባዩ ብቻ አይደለም፤ የጻፈው ሰው ጉዳይና ተስፋ በውስጡ አለ። የጻፈው ሰው ደግሞ ለአከራዩ ምንም ዕዳ የለበትም። እንግዲህ የልጁን ኪራይ ከእናቲቱ ቃል ላይ መቁረጥ ፍርድ ነውን? ኦሪት እንኳ ዕዳ ያለበትን ሰው ወፍጮ መያዣ አድርጎ መውሰድን ከልክሏል፤ የሚበላበትን መያዝ ነፍሱን መያዝ ነውና። ለሥራ ፈላጊ ወጣት ማስረጃው ወፍጮው ነው። አከራዩ ስለ ገንዘቡ በሽማግሌም በዳኛም ይጠይቅ፤ ደብዳቤውን ሲሰጥም፥ «ዕዳህን አልረሳሁም» ቢለው ማንም አይነቅፈውም።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከሌላው ደብዳቤ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት መጥሪያ በደንብ የደረሰው ተከሳሽ በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ ክርክሩ እርሱ በሌለበት ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ አዲሱ ተከራይ፥ ይህ ሰው የት ሄደ ብሎ ሳይናገር ዝም ብሎ ቢቀበለው ወይም በሩ ላይ የተለጠፈውን ገንጥሎ ቢጥለው፥ የማያውቀው ሰው ሳይሰማ ሊፈረድበት ይችላል። በዚህ ጊዜ ከሁሉ የሚሻለው አለመቀበል ነው፤ «ቤቱን ለቋል» ብሎ ለመልእክተኛው መንገር፥ እርሱም ይህንኑ ጽፎ እንዲመልስ ማድረግ። ለሌላውም ደብዳቤ ቢሆን ይህ ደንብ መልካም ነው። እጅ ከመዘርጋት በፊት አንድ ቃል መናገር ከተቀበሉ በኋላ አንድ ወር ከመፈለግ ይቀላል።

ተቀብለህ ከሆነ ግን የመጣበትን ቀን በጀርባው ጻፍ፤ አከራዩን፥ ጎረቤቱን፥ ይሠራበት የነበረውን ፋብሪካ ጠይቅ። ካልተገኘም ላመጣው ሰው ወይም ለፖስታ ቤት መልስ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ደብዳቤውን ለባለቤቱ ማድረስና የባለቤቱን መኖሪያ ለላኪው መንገር አንድ አይደሉም። ከሚደበድባት ባል ሸሽታ ቤት የለቀቀች ሴት ልትኖር ትችላለች፤ ሰነፍ አለቃ እንደሚያስበው የሸሸ ሁሉ ሌባ አይደለም። ወረቀቱን ወደ እርስዋ አሳልፍ፤ የት እንዳለች ለሚጠይቅህ ግን፥ «ደብዳቤውን ላድርስልህ እችላለሁ፥ ቤትዋን ለመንገር ግን ፈቃድዋ የለኝም» በለው። ልትመልስለት ብትፈቅድ እርስዋ ትመልሳለች።

በዘመናችን የስልክ ቁጥርም እንደ ቤት ሆኗል፤ ባለቤቱ ለብዙ ጊዜ የተወው ቁጥር ለሌላ ሰው ይሰጣል፥ አዲሱም ሰው የቀድሞውን መልእክት ይወርሳል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብ በቴሌብር በስልክ ቁጥር ስለሚላክ፥ ስሕተቱ ሰላምታ ብቻ ሳይሆን ብርም ያመጣል። ያን ጊዜ «እግዜር የሰጠኝ ሲሳይ ነው» የሚለው ንግግር ይሰማል። እግዚአብሔር ሲሰጥ የሌላውን ሰው ስም ጽፎ አይሰጥም። «ተሳስተዋል፥ ይህ ቁጥር አሁን የእኔ ነው» ብሎ መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ላኪውም ከዚያ በኋላ እንደገና አይሳሳትም።

ያልተገኘው ሰው ደብዳቤ እስከ መቼ ይቀመጥ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ኦሪት ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ ይላል እንጂ የወር ቍጥር አላኖረም። አንተም ቤቱን ስትለቅ ለሚተካህ ወይም ለአከራዩ ከነቀኑ አስረክበው፤ አልወስድም ካሉህም ሳትከፍተው አቃጥለው። በዚያን ቀን ደግሞ የራስህን ነገር አስብ፤ የምትሄድበትን ሰፈርና የስልክ ቁጥርህን በቁራጭ ወረቀት ጽፈህ ከቁልፉ ጋር ለአከራዩ ስጠው።