የአርበኛው ንስሐ በወልቅፊት በር

ከደባርቅ ወደ ድብ ባሕር በሚያወርደው የሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ የተተከለውን የወልቅፊትን ምሽግ የኢጣልያ ጦር እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ይዞት ሲቆይ፣ በሶውን በስልቻ፣ ጥይቱን በዝናር ይዞ በውርጭ ያደረው የሰሜን አርበኛ፣ «አትግደል» የሚለውን ትእዛዝ እያሰበ ለነፍስ አባቱ ምን ብሎ ይናዘዝ ነበር?

ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ፣ አበው በጦርነት መግደልን ከነፍስ ግድያ እንዳልቆጠሩት መስክሮ፣ ነገር ግን እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ዘማቾቹ 3 ዓመት ከቍርባን ቢታቀቡ መልካም ነው ብሎ መከረ። ይህ ምክር፣ በእኔ አስተያየት፣ ዘማቹን ከመኰነን ይልቅ ያከብረዋል፤ በየሐውልቱ ሥር የሚደጋገመው ውዳሴ የወደቀው ጠላትም ሰው መሆኑን ያስረሳልና። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ሲገደሉ የማንንም ደም አላፈሰሱም፤ የወልቅፊቱ ዘማች ግን መሞትንም መግደልንም ባንድነት ተሸክሟል።