ዝም ያለ ብልቃጥ

ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ሰው ቀን ቀን እንቅልፍ እንደሚያስቸግረው ከመካከላችሁ የሚያውቅ አይጠፋም። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ችግሬን ያዋየሁት አንድ መድኃኒት ሻጭ፣ የሐኪም ማዘዣ ሳይጠይቀኝ ዐሥር ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። በወረቀቱ ላይ «ለእንቅልፍ» ከሚለው በቀር ስምም መጠንም አልተጻፈም። ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። ማታ መሪ እንደያዝኩ ግን ዓይኔ ተከደነ። ከኋላ የተቀመጡት የአገራችን እናት ጮኸው ባያነቁኝ ኖሮ ቀይ መብራት ጥሼ ነበር።

ለመሆኑ ጥፋተኛው ማን ነው? ፈልጌ የገዛሁት እኔ ወይስ ሻጩ? የሞተ ሰው ከሌለስ ቅጣት ይገባል ወይ?

በአሜሪካ በ1938 የወጣው የምግብና የመድኃኒት ሕግ፣ እንደ ባርቢቹሬት ባሉ የእንቅልፍ መድኃኒቶች ላይ ሱስ ሊያስይዙ እንደሚችሉ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እንዲለጠፍ አዘዘ። የ1951 ማሻሻያ ደግሞ በማዘዣ ብቻ የሚሰጠውን ያለ ማዘዣ መሸጥ፣ ትክክለኛ መግለጫ የሌለው መድኃኒት ከመሸጥ ጋር አንድ አድርጎ ቆጠረው። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እሥራት ሲሆን፣ ለማታለል ከታሰበ ወይም ከተደገመ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል።

የእንቅልፍ መድኃኒት ባይሆንም የሱሊቫን ጉዳይ ያስተምራል። በጆርጂያ፣ ኮሎምበስ ከተማ ፋርማሲ የነበረው ይህ ሰው ሰልፋታያዞል የተባለውን መድኃኒት ከትልቁ ብልቃጥ አውጥቶ፣ 12 12 ኪኒን በትንንሽ ሳጥን አድርጎ ሸጠ። ስሙን ጻፈ፤ ማስጠንቀቂያውን ተወ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ጥፋተኛ ነው አለ። ያው ፍርድ ቤት በ1943 በዶተርዌይች ጉዳይ፣ የኩባንያ ኃላፊ ስሕተቱን ባያውቅም እንኳ ሊጠየቅ እንደሚችል ወስኖ ነበር።

ይህ ግፍ አይደለም? መምህር ሳለሁ ተማሪዎቼን ባላስተማርኳቸው ነገር አልፈትንም ነበር። ዳሩ ግን መድኃኒት ሻጭ የተማረ ነው፤ ያልተማረው ገዢው ነው። ተሳፋሪ ፍሬኔን መርምሮ አይሳፈርም፤ መንጃ ፈቃዴን አምኖ እንጂ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ዝም ባለ ብልቃጥ ግን ሞት ይገባል። ስለዚህ ሕጉ የሚቀጣው የደረሰውን ጉዳት ብቻ ሳይሆን የተነጠቀውን ምርጫ ነው። «ከወሰድክ አትንዳ» የሚል ተጽፎልኝ ብነዳ ኖሮ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ይሆን ነበር።

ሆኖም እኔም ንጹሕ አይደለሁም። እኚያ እናት ደንግጠው «ደክሞህ ነው ልጄ?» ሲሉኝ «አዎን፣ እማማ» አልኳቸው። ምን እንደዋጥኩ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አምነውኝ እስከ ቤታቸው ድረስ አብረውኝ ሄዱ።