ባለዕዳ የሌለው ተስፋ

በበዓል ዋዜማ ከሞጆ ተነሥቶ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ላንጋኖ የወረደ መንገደኛ እንደሚያውቀው፣ የአዲስ አበባ ሰው ልጁንና ስንቁን በመኪና ጭኖ ወደ ሐይቁ ሲገሠግሥ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ የአገሩ ሰው ከግራር ያከሰለውን ከሰል በማዳበሪያ ሞልቶ፣ አፉን በቅጠል ወትፎና በገመድ አስሮ፣ የሚቆምለትን መኪና ይጠባበቃል። የሚያልፈው ዕረፍትን፣ የሚጠብቀው የዕለት ጉርሱን፣ ሁለቱም ከዚያው ከመኪናው ተስፋ ያደርጋሉ። እንግዲህ መኪና ለሰው ልጅ የሚሰጠው ተስፋ ከሃይማኖት ተስፋ የሚለየው በምንድን ነው? ምድራዊ በመሆኑ ብቻ ነውን?

ይህን ለመመርመር ተስፋው በግልጽ ወደ ተሰበከበት ቦታ መሄድ ይገባል። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የ1960ን ዓለም ከነከተማውና ከነአውራ ጎዳናው በትንሽ አምሳል አሠርቶ፣ ተመልካቹን በሚንቀሳቀስ ወንበር አስቀምጦ ከላይ ወደ ታች ሲያሳየው ቆይቶ፣ ሲወጣ መጪውን ዘመን ለማየቱ ምስክር የሚሆን ዐርማ ይሰጠው ነበር፤ በማግሥቱም ዓመት ራእዩን በፊልም አሠራጨው። እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው በሌላው ፊልም ደግሞ፣ በሙቀትና በመኪና ጭንቅንቅ መካከል የተያዘ አንድ ቤተ ሰብ በሐሳብ ወደ 1976 ተሻግሮ ፋየርበርድ በተባለ መኪና ሲጓዝ ይታያል፤ በማማ ላይ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ ጕዞውን ሲረከበው፣ አባትየው እጁን ከመሪው አንሥቶ ያርፋል።

መጽሐፈ ሄኖክን ያነበበ ሰው ይህን ሥርዐት ያውቀዋል። ባለራእዩ ካለበት ይነጠቃል፣ መሪ ይሰጠዋል፣ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ የተሰወረው ይገለጥለታል። በዚያው በ1956 የወጣው ሌላው የኩባንያው ፊልምማ የተኛችን ሴት ጭምብል ባጠለቀ መሪ አስነሥቶ አዳዲሶቹን መኪኖችና የመጪውን ዘመን ማዕድ ቤት ያስጐበኛታል። ነገር ግን ሄኖክ ያየው ራእይ ፍርድንና ጽድቅን የሚያሳስብ፣ ተመልካቹንም ግብሩን እንዲመረምር የሚያስገድድ ሲሆን፣ የፊልሙ ራእይ ከተመልካቹ የሚሻው ዋጋውን ብቻ ነው።

ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ይህ ተስፋ በባሕርዩ ፍጻሜ የማይወድ መሆኑ ነው። የኩባንያው የምርምር ኃላፊ የነበረው ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው ባለው ነገር ሁሉ ከረካ አዲሱን የሚገዛ አይኖርም፤ የሚገዛ ከሌለም ፋብሪካው ሥራ ይፈታል ሲል አስረድቶ፣ ገዢው እንዳይረካ ማድረግ እንደሚገባ በርእሱ ሳይቀር ተናግሯል። ነገሩ ለነጋዴ ትክክለኛ ሒሳብ ነው፤ አባቶች ግን ያለኝ ይበቃኛል ማለትን ከታላላቆቹ ምግባራት ቈጥረውታልና፣ በአንዱ ዘንድ ትሩፋት የሆነው በሌላው ዘንድ ኪሳራ ሆኖ ይገኛል።

በላንጋኖ ዙሪያ ያለው ሕዝብ፣ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ»፣ እስላሙ «ኢንሻ አላህ» ሳይል ስለ ነገ አይናገርም፤ ፊልሙ ግን የሃያ ዓመቱን ነገ ያለ አንዳች ቢሆን ተናገረ። የተቀጠረው እ.ኤ.አ. 1976 ከመድረሱ በፊት የዓለም ነዳጅ ዋጋ ናረና፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች በቤንዚን ጭማሪ ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ አድማቸውም ዘውዱን ከጣለው አብዮት መነሻዎች አንዱ ለመሆን በቃ። በማማው ላይ የተቀመጠው ተቆጣጣሪ ይህን አላየም፤ ላለማየቱም የሚጠይቀው አልነበረም።

ልዩነቱ ከዚህ ላይ ይገለጣል። በታኅሣሥ ወር በአዳማ በኩል ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጐርፈው ምእመን የሚሄደው በዚያው በመኪና ነው፤ ዳሩ ግን የሚሄደው ስለት ሊያገባ ነው። ስለት ተሳዩን ይይዘዋል፤ ልጅ ከተሰጠኝ ያለች እናት ልጁን ታቅፋ የምትከፍለው ዕዳ አለባት፤ ደጁን ስትስምም ጕዞዋ ተፈጸመ። የፊልሙ ተስፋ ግን የሚይዘው ሰው የለም፤ ቢፈጸም ምስጋናው ለኩባንያው፣ ባይፈጸም ነቀፌታው ለማንም ሳይሆን ይቀራል።

ከተባለውም ብዙው ተፈጽሟል ቢሉ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ ወጪና ወራጁን በመለየቱ ያ በወንበር የታየው አውራ ጎዳና በሥጋ ሲመጣ ነው፤ ጥቅሙንም የሚክድ የለም። መንኰራኵርም በራሱ ርኩስ አይደለም፤ ሕዝቅኤል በራእዩ መንኰራኵሮችን ከኪሩቤል አጠገብ አይቷቸዋልና። ነገር ግን በዚያ ራእይ መንኰራኵሩ መንፈስን ሲከተል፣ በፊልሙ መንፈስ መንኰራኵርን ይከተላል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያው የቀድሞ ራእይ በኤሌክትሪክ መኪና ስም ታድሶ መጥቷል። ስለዚህ ተስፋ ሲሰጠን ከውበቱ አስቀድመን ባለዕዳውን እንጠይቅ፤ ስሙን የሚጠራልን ካጣን፣ የተሰጠን ተስፋ ሳይሆን ምኞት መሆኑን ዐውቀን በምኞት ልክ እንክፈለው።