ደረሰ ስንል የት?

ሙዝ በጥሬው ተቆርጦ ጓዳ ውስጥ ይበስላል። አቮካዶም በጋዜጣ ተጠቅልሎ ጥቂት ቀን ሲያድር ይለሰልሳል። ወይን ግን ከሐረጉ ከተለየ በኋላ አይበስልም፤ በተቆረጠበት ቀን የነበረው ጣፋጭነት ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ትንሽ የወይን ማሳ ያለው ሰው በመከር ሰሞን እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም።

ማለዳ በረድፎቹ መካከል እየተዘዋወረ ከፀሐዩ በኩል አንድ፣ ከጥላው አንድ ፍሬ ይቀምሳል። ቆዳውን ያላምጣል፤ ዘሩን መዳፉ ላይ ተፍቶ ቡናማ መሆን አለመሆኑን ያያል። ጠብታ ጭማቂ ሬፍራክቶሜትር በሚባለው መሣሪያ ላይ አድርጎ የስኳሩን መጠን ያነባል። የእነዚህ ምስክሮች ቃል ግን ሁልጊዜ አይገጥምም። ስኳሩ ሞልቶ ዘሩ ገና አረንጓዴ ይሆናል። ዘሩን ልጠብቅ ሲል፣ ለወይን ጠጁ ሕይወት የሚሰጠው ኮምጣጣነት በሙቀቱ ይመናመናል። ዝናብ ከመጣበት ደግሞ ፍሬው ውሃ ስቦ ይፈነዳል፤ ሻጋታ ይከተላል።

እኛ እህሉ «ደረሰ» እንላለን፤ ልክ እንደ መንገደኛ። መንገደኛ ደረሰ ሲባል «የት?» ብለን እንጠይቃለን፤ ስለ ፍሬ ግን አንጠይቅም። ስህተታችን እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለጥብስ የደረሰ የበቆሎ እሸት ለጎተራ ገና ነው። ፒኖ ኗር የሚባለው የወይን ዝርያም እንዲሁ፦ ሻምፓኝ ለሚሠራው ሰው ኮምጣጣነቱ ሳይጠፋ ቀደም ብሎ ይደርሳል፤ ቀይ ወይን ጠጅ ለሚፈልገው በዚያው ቀን ጮርቃ ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ታዲያ መድረስ በሰው ፈቃድ ብቻ የሚሆን ነገር ነው? አይደለም። መድረሻውን የሚመርጠው ሰው ነው፤ የሚጓዘው ግን ሐረጉ ነው፣ በራሱ እርምጃ።

በፈረንሳይ ቡርጎኝ፣ በቦን ከተማ፣ ከእ.ኤ.አ. 1354 ጀምሮ ወይን መቼ መሰብሰብ እንደተጀመረ የሚናገር መዝገብ አለ። በዚያ አገር ለዘመናት ቀን የሚቆርጠው ማኅበረሰቡ ነበር፤ ቀኑ ሳይታወጅ ማንም ዘለላ አይቆርጥም። ይህ ሕግ ገበሬውን ከጎረቤት እጅ ይጠብቀው ነበር፤ ከዚያ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን ብቻውን ከመወሰን ጭንቀት የገላገለው መሆኑ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1987 ድረስ መከሩ በአማካይ የሚጀመረው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18 ገደማ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1988 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ግን ምድሩ ስለሞቀ በአማካይ በ13 ቀን ቀድሟል። ዛሬ አባት የቆረጠበት ቀን ለልጅ መመሪያ አይሆነውም። ምላሱን ማመን አለበት፤ የሚሳሳትም ከሆነ ስህተቱ የራሱ ነው።

ወደ እኛ ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ ስንመጣ ሐረጉን ለወራት የሚያስተኛ ውርጭ የለም። ጉዞውን የሚያስጀምረው የሚገረዝበት ቀን ነው። እዚያ አብቃዩ መድረሻውን ብቻ ሳይሆን መነሻውንም ይመርጣል። ከዚያ ወዲያ ግን እሱም እንደ ቡርጎኙ ገበሬ ማለዳ ተነስቶ፣ ፍሬ ቀምሶ፣ ዘሩን መዳፉ ላይ ያያል።