ችቦውና ተሸካሚው

እሳት እንጀራ ያበስላል፤ ያው እሳት ቤት ያቃጥላል። ስለዚህ እሳትን ደግ ነው ወይም ክፉ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ የሚፈረደው በያዘው ሰው ላይ ነው። የኦሊምፒክ ችቦ በየአገሩ ሲያልፍ፥ ሕዝቡም ግልብጥ ብሎ ወጥቶ በእልልታ ሲቀበለው ይህን ማሰብ ይገባል። የብዙ ሰው ደስታ የነገሩን ደግነት ያስረዳልን?

ችቦውን ከግሪክ አገር ከኦሊምፒያ ለኵሶ በሯጮች ቅብብል መውሰድ ከጥንት የተወረሰ ሥርዐት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን የተጀመረው በ1928 ዓ.ም. ለበርሊን ውድድር ሲሆን፥ ያሰበውም የአዘጋጁ ኮሚቴ ዋና ጸሐፊ ካርል ዲም ነው። ከሦስት ሺሕ የሚበልጡ ሯጮች እየተቀባበሉ ሰባት አገር አቋረጡ፤ ሕዝቡም በየመንገዱ ተሰብስቦ ተቀበላቸው። የሂትለር መንግሥት ይህን ደስታ ለራሱ ክብር መግለጫ አደረገው። አምስት ዓመት ሳይሞላ ችቦው ካለፈባቸው አገሮች ኦስትሪያ፥ ቼኮስሎቫኪያ፥ ዩጎዝላቪያና ግሪክ በጀርመን ጦር ተያዙ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ መግባቱን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊም፥ የዚያ ክረምት እልልታ ስለ ዓለም ሰላም ሊመሰክር እንደማይችል ያውቃል።

ታዲያ ሥርዐቱ ፈጽሞ መቅረት ነበረበትን? ወደ ጃፓን እንመልከት። ጳጉሜን 2 ቀን 1956 ዓ.ም. ችቦው ኦኪናዋ ደረሰ። ደሴቲቱ በጦርነቱ የተደመሰሰች፥ ያን ጊዜም ገና በአሜሪካ አስተዳደር ሥር የነበረች ናት፤ ሕዝቧም የጃፓንን ሰንደቅ ዓላማ እያውለበለበ ተቀበለው። ከዚያም ወደ ዋናው ምድር ተሻግሮ በአራት መንገድ አገሩን ዞረ። መስከረም 30 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ስታዲዮም የመጨረሻውን እሳት የለኰሰው ዮሺኖሪ ሳካይ፥ የአቶም ቦምብ በሂሮሺማ ላይ በወደቀበት ቀን፥ ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም.፥ በዚያው አውራጃ የተወለደ የ19 ዓመት ወጣት ነበረ። ከተማይቱን ያነደዳት እሳት ነው፤ በእርሱ እጅ የበራውም እሳት ነው። ከ11 ቀን በኋላም ትናንት በጦር ሜዳ የተፋለሙ አገሮች ልጆች በሰላም ሲሽቀዳደሙ፥ የእኛው አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ።

እንግዲህ እሳቱም እልልታውም በሁለቱም ዘንድ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው ችቦውን ያስያዘው ሐሳብ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንላለን። ነገር ግን ሸክሙ ሲከፋፈል ኀላፊነቱም አብሮ የሚጠፋ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። በ1928 ዓ.ም. የሮጠ ወጣት «እኔ የሮጥሁት አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው» ቢል፥ ሳያውቅ ሮጧልና ልንወቅሰው አይገባንም። ዐውቆ ዝም ያለው ግን ምን ምክንያት ያቀርባል? በመዝገብ ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት የምንሠራ ሰዎች፥ ከቀደመን ተቀብለን ለሚከተለን እስክናስተላልፍ የምንሄደው አጭር መንገድ ነው። አጭርም ቢሆን፥ የያዝነው እሳት ከማን እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው። ይህን ጠይቆ የተቀበለ ሰው እልል ቢል ደስታው የተገባ ነው።