ከእንስሳ ልብ የተገኘ ቍጥር

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ቍጥር ነፍስ የሌለው ነገር ይመስላል። በወረቀት ላይ ተጽፎ ስናየው ከየት መጣ ብለን አንጠይቅም። አንዳንዱ ቍጥር ግን ነፍስ ጠፍቶበት የተገኘ ስለ ሆነ፥ አያያዙ የኅሊና ጉዳይ ነው።

እስቲቨን ሄልስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1733 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከአንዲት ባዝራ የደም ሥር ጋር ረጅም የመስተዋት ቧንቧ ቢያገናኝ፥ ደሙ ከልቧ በላይ 8 ጫማ ከ3 ኢንች ያህል ከፍ ማለቱን ጻፈ። ባዝራዪቱ ደሟ አልቆ ሞተች፤ ቍጥሩ ግን እስከ ዛሬ ይነገራል። በ1895 ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ በእንቍራሪት ልብ፥ በ1970ዎቹም ሱጋና ሳጋዋ የተባሉ ጃፓናውያን በአሜሪካ አገር በውሻ ልብ መርምረው ነገሩን ወደ ሒሳብ አደረሱት። የልብን ግፊት በቁም መስመር፥ በውስጡ ያለውን የደም መጠን በአግድም መስመር ብናኖር፥ ልቡ በመታ ቍጥር አንድ ቀለበት ይሣላል፤ የቀለበቱም ስፋት ልቡ በዚያች ምት የሠራው ሥራ ነው።

እኔም በተማሪነቴ ዘመን ይህን ቀለበት ከጥቂት ጥንቸሎች እለካ ነበር። አንድ ቀን መሣሪያውን አስቀድሜ ሳላስተካክል ቀርቼ የአንዲቱ መዝገብ ከንቱ ሆነ። ጥንቸሊቱ ግን ሞታለች። ሌሊት ብቻዬን ሳሰላ ፈተና መጣብኝ፤ የጐደለውን ቍጥር ከሌሎቹ ጋር አስማምቼ ብጽፈው የሚያውቅብኝ የለም። እንዲያውም ሐሰቱ ምሕረት መሰለኝ፤ እውነቱን ብናገር ሌላ ጥንቸል በምትኳ ትሞት ይሆናልና።

ነገር ግን ሐሰተኛ ቍጥር በስሌት ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ስሌቱን ያምናል፥ ተከታዩ ተመራማሪም ስሌቱን አምኖ ይሳሳታል፤ ስሕተቱንም ለማረም ብዙ እንስሳ ይሞታል። ጥንቸሊቱ በስንፍናዬ አንድ ጊዜ በከንቱ ሞታለች፤ በሐሰት ብጽፍላት ሁለተኛ ጊዜ በከንቱ ትሞታለች አልሁ።

በማግሥቱ ለመምህሬ ተናዘዝሁ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ሌላ ጥንቸል አትጨምር፤ አንድ እንደ ጐደለህ ጻፍና በቀሩት ብቻ አስላ» አሉኝ። ውጤቴ ደከመ፤ እውነት ግን ሆነ።

ወዳጄ ሆይ፤ ትክክለኛ ስሌት የብዙ እንስሳ ነፍስ ያድናል፤ አስቀድሞ የታወቀውን በሕያው ፍጥረት ላይ መድገም አያስፈልግምና። የሞተችውን መመለስ አንችልም። የምንከፍላት ዕዳ በጥንቃቄ መለካት፥ ያገኘነውንም ሳንጨምር ሳንቀንስ መጻፍ ነው።